ለእጩ መኮንንነት የሕክምና ምርመራ፦ ከሩጫው በፊት ፋይሉ

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የማገኛቸው ወጣቶች የአሜሪካ ጦር ሠራዊት መኮንን ለመሆን እንደሚያስቡ ሲነግሩኝ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው አይለወጥም፦ «ሁለት ማይል በስንት ደቂቃ መሮጥ አለብኝ?» ጥያቄው መጥፎ አይደለም። ነገር ግን አመልክተው መንገድ ላይ ከቀሩ የማውቃቸው የአገሬ ልጆች አንዱም በሩጫ አልወደቀም። ያስቀራቸው ወረቀት ነው። ያልተጻፈ የልጅነት ሕመም፣ ለሥራ ቅጥር ሲባል ተደርጎ ውጤቱ የሆነ ቦታ ተቀምጦ የኖረ ምርመራ፣ አገር ቤት የቀረ የሐኪም ማስረጃ። ስለዚህ ከስፖርቱ ሳይሆን ከፋይሉ እጀምራለሁ።

ስለ ራሴ በአጭሩ፦ የመጣሁት በዲቪ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጬ፣ ማታ ማታ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ እየሠራሁ፣ በኮሙኒቲ ኮሌጅ ጀምሬ ዲግሪዬን ጨረስኩ። ዜግነት እንዳገኘሁ ለእጩ መኮንኖች ትምህርት ቤት አመለከትኩ፤ እዚህ ሰው ሁሉ የሚጠራው ኦሲኤስ ብሎ ነው። ከሲቪል ሕይወት በቀጥታ የሚገባ ሰው በመጀመሪያ 10 ሳምንት መሠረታዊ ወታደራዊ ሥልጠና ይወስዳል፤ ከዚያ ጆርጂያ ውስጥ ፎርት ቤኒንግ 12 ሳምንት ይሠለጥንና ምክትል መቶ አለቃ ሆኖ ይመረቃል። እኔ በነበርኩበት ጊዜ የጦር ሰፈሩ ፎርት ሙር ይባል ነበር፤ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2023 እስከ 2025 ብቻ የቆየ ስም ነው። ሁለቱንም ስም ብትሰሙ ቦታው አንድ ነው። የምጽፈው የግል ተሞክሮዬን እንጂ የሠራዊቱን አቋም አይደለም።

ለመኮንንነት ዜግነትና የመጀመሪያ ዲግሪ ግድ ነው፤ አስቫብ በሚባለው ፈተናም ጂቲ የተባለው ነጥብ ቢያንስ 110 መሆን አለበት። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው ግን በሩ አልተዘጋበትም። ተራ ወታደር ሆኖ መቀጠር፣ በአገልግሎት ላይ እያለ በተፋጠነው መንገድ ዜግነት ማግኘት፣ ከዚያም ከውስጥ ሆኖ ለኦሲኤስ ማመልከት ይችላል። በዚህ መንገድ የመጡ ጓደኞች አሉኝ፤ ሥልጠናው ላይ ከእኛ ከሲቪሎቹ የተሻሉ ነበሩ። ወታደር ምን እንደሚያማርረው ከታች ሆነው ያውቁታልና።

አሁን ወደ ፋይሉ። መልማዩ ዘንድ ከሄዳችሁ በኋላ ብዙ ሳትቆዩ ዲዲ 2807-2 የሚባል የጤና ታሪክ ቅጽ ትሞላላችሁ፤ በኋላም በምርመራው ዕለት ታናሽ ወንድሙን 2807-1ን። ሁለቱም ረጅም የ«አዎ» እና የ«አይደለም» ዝርዝር ናቸው። አስም ነበረብህ? ራስህን ስተህ ታውቃለህ? አጥንትህ ተሰብሮ ያውቃል? ቲቢ ይዞህ ያውቃል? ቲቢ ካለበት ሰው ጋር ኖረህ ታውቃለህ? ይህችን የመጨረሻዋን ጥያቄ እዚህ አገር የተወለደ ልጅ ሳይቆም ያልፋታል። እኛ ግን አጎት ወይም አያት በአንድ ክፍል ሲስሉ እየሰማን ያደግን ብዙ ነን።

የእኔ መጀመሪያ ያነጋገርኩት መልማይ ምክሩ ቀላል ነበር፦ «ማስረጃ የሌለውን ነገር ሁሉ አይደለም በል፤ ነገሩን አታወሳስበው።» ይህን ምክር ብዙ ሰው ሰምቶታል። አትቀበሉት። መልማዩ የወር ኮታ አለበት፤ ቅጹ ላይ የሚቀመጠው ፊርማ ግን የእናንተ ነው። ከ2022 ጀምሮ የምርመራ ጣቢያዎቹ ጄኔሲስ የተባለውን የመከላከያ ሚኒስቴሩን የጤና መረጃ ሥርዓት ይጠቀማሉ። ሥርዓቱ ከብዙ የሲቪል ሆስፒታሎች፣ ክሊኒኮችና መድኃኒት ቤቶች መረጃ መሳብ ይችላል። ከአምስት ዓመት በፊት ለሳል የታዘዘላችሁ በአፍ የሚነፋ መድኃኒት በሐኪሙ ኮምፒውተር ላይ ብቅ ሊል ይችላል ማለት ነው። ከዚህም በላይ እያወቁ የጤና ታሪክን ደብቆ መግባት በወታደራዊው የፍትሕ ሕግ አንቀጽ 104ሀ ሥር ወንጀል ነው። መኮንን ሆኖ ሌላውን ስለ ሐቀኝነት ሊያስተምር የተነሣ ሰው በዚህ መጀመሩም አያምርም።

ስለዚህ መልማዩ ዘንድ ከመሄዳችሁ በፊት የራሳችሁን ፋይል ራሳችሁ ሰብስቡ። አሜሪካ ውስጥ የታከማችሁበትን ክሊኒክ ሁሉ ደውላችሁ ሙሉ ሰነዳችሁን ጠይቁ፤ ሂፓ የተባለው ሕግ የራሳችሁን መዝገብ የማግኘት መብት ይሰጣችኋል። መድኃኒት የገዛችሁበት መድኃኒት ቤትም ዝርዝሩን ያትምላችኋል። አንብቡት። ሐኪም ሳይነግራችሁ የጻፈው ነገር ይኖራል። አንድ ጓደኛዬ በፋይሉ ላይ «አስም ሊሆን ይችላል» የሚል ማስታወሻ ያገኘው በዚህ መንገድ ነው፤ ሐኪሙ አንድ ክረምት ለሳል ሲያየው የጻፈው ነው። መልማዩ ቀድሞ ቢያገኘው ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። ጓደኛዬ ግን የሳንባ አቅም ምርመራ አድርጎ፣ ውጤቱን ከማመልከቻው ጋር አብሮ አስገባ። አስም የሚያሰናክለው ከ13ኛ የልደት ቀን በኋላ የታየ ከሆነ ነው፤ ስለዚህ ሳል፣ አለርጂና አስም በፋይላችሁ ላይ ተቀላቅለው ከተጻፉ ማጣራቱ የእናንተ ሥራ ነው።

የእኔ ፋይል ውስጥ የተገኘው ቲቢ ነበር፤ ይህን ሰፋ አድርጌ ልናገር፣ ከኢትዮጵያ የመጣን ሰዎች ላይ ደጋግሞ የሚደርስ ነውና። አረጋውያን መንከባከቢያው ሥራ ስቀጠር ነርሷ ክንዴ ላይ፣ ከቆዳ ሥር ትንሽ ፈሳሽ ወጋችኝና ከሁለት ቀን በኋላ እንድመለስ ነገረችኝ። ስመለስ የተወጋሁበት ቦታ ቀልቶ፣ ጠጥሮ፣ አብጦ ነበር። በትንሽ ማስመሪያ ለክታ ሚሊሜትሩን ጻፈች። ራጅ ተነሣሁ፤ ሳንባህ ንጹሕ ነው ተባልኩ፤ አሠሪውም ራጁን አይቶ በቃ አለ። ጉዳዩ ለእነሱ በዚያ ተዘጋ። ለሠራዊቱ ግን አልተዘጋም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አብዛኞቻችን በሕፃንነታችን ቢሲጂ ክትባት ወስደናል፤ ጠባሳውም ክንዳችን ላይ አለ። የቆዳው ምርመራ በዚህ ክትባት ምክንያትም ሊያብጥ ስለሚችል ውጤቱ ብቻውን አያስተማምንም። ኳንቲፌሮንን የመሰሉት የደም ምርመራዎች ግን በቢሲጂ አይሳሳቱም። ስለዚህ የቆዳ ምርመራችሁ ካበጠ የመጀመሪያው እርምጃ የደም ምርመራውን መጠየቅ ነው፤ ብዙ ሰው እዚያ ላይ ነጻ ይወጣል። ራጅ ደግሞ የሚያሳየው ሳንባ ላይ የወጣ በሽታን እንጂ ተኝቶ ያለውን ባክቴሪያ አይደለም። «ለዲቪ ስመጣ ተመርምሬ አልፌአለሁ» የሚለው ክርክር የማያዋጣውም ለዚህ ነው፤ ለአዋቂ ሰው አዲስ አበባ ላይ ለቪዛው የሚደረገው ምርመራ የሚጀምረው ከደረት ራጅ ነው።

የእኔ የደም ምርመራ ፖዘቲቭ ሆነ። ድብቅ ቲቢ ይባላል፤ ሰውዬው አልታመመም፣ አይስልም፣ ወደ ሌላ ሰውም አያስተላልፍም። ሆኖም ያልታከመ ድብቅ ቲቢ ለውትድርና መግቢያ እንቅፋት ነው፤ ታክሞ መጨረሱ በሰነድ ከተረጋገጠ ግን እንቅፋትነቱ ያበቃል። ሕክምናውን የወሰድኩት በካውንቲው የጤና ጽሕፈት ቤት ነው። ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ለአራት ወር በየቀኑ የሚዋጥ ሪፋምፒሲን ነው፤ እዚህ አገር ሪፋምፒን ይሉታል። ሌላው በሳምንት አንድ ጊዜ ለ12 ሳምንት የሚወሰድ የሁለት መድኃኒቶች ጥምር ነው። እኔ የመጀመሪያውን ወሰድኩ። ሽንትን ብርቱካንማ ያደርጋል፤ እንባንና ላብን ጭምር ያቀላል፤ የዐይን ሌንስ የሚያደርግ ሰው ሌንሱ ቀለም ይይዝበታል። የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል የምትወስዱ እኅቶች ለሐኪሙ ንገሩ፤ የእንክብሉን ኃይል ይቀንሳል። ጉበትን ስለሚነካም በሕክምናው ጊዜ መጠጥ መተው ነው።

እናቴ ነገሩን ስትሰማ የፈራችው ለሳንባዬ አልነበረም። «አንተ ልጅ፣ ይህን ነገር ቤተ ክርስቲያን ለሚመጣ ሰው እንዳታወራ» ነበር ያለችኝ። አገር ቤት ቲቢ የሚነገረው በሹክሹክታ ነው፤ ሰው የማይታመምበትን ድብቅ ቲቢ ሳይቀር የሚደብቀውም ለዚሁ ነው። እኔ አወራሁ። ካወራሁ በኋላ ከዚያው ደብር ሁለት ወጣቶች ለብቻዬ ይዘውኝ፣ የቆዳ ምርመራቸው እንዳበጠ ነገሩኝ።

ሕክምናውን ስትጨርሱ የምትወስዱት ደብዳቤ «ሕክምናውን ጨርሷል» የሚል አንድ መስመር ከሆነ አይጠቅማችሁም። የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ የተጀመረበትና ያበቃበት ቀን፣ የራጁ ቀንና ውጤት፣ የሐኪሙ ስምና ፊርማ ይኑርበት። ቅጂውን ለራሳችሁ አስቀሩ። መልማዮች ይለዋወጣሉ፤ ወረቀትም አብሮ ይጠፋል።

የምርመራ ጣቢያው በአጭሩ ሜፕስ ይባላል፤ በአገሪቱ ከ60 በላይ አሉ። የእኛ አካባቢ ሰው የሚሄደው ፎርት ሚድ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ወዳለው ነው፤ ስሙ የባልቲሞር ቢሆንም ባልቲሞር ከተማ ውስጥ አይደለም። ዋዜማውን ሆቴል ያሳድሯችኋል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ትቀሰቀሳላችሁ፤ አውቶቡስ፣ ፍተሻ፣ አሻራ፣ ከዚያ ሰልፍ። ቀኑ የሚያልቀው በሰልፍ ነው። መታወቂያና የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ አትርሱ፤ መነጽር የምታደርጉ መነጽሩንም የሐኪሙን ማዘዣም ያዙ። በዚያ ጧት ቡና ተዉ። የደም ግፊት ገደቡ 140 በ90 ነው፤ እንቅልፍ ያጣ፣ የፈራና ቡና የጠጣ ሰው ከዚያ በላይ ቢያሳይ አይገርምም። ቡና ያልጠጣ ሐበሻ ግፊቱ ይወርድለታል፤ ጠባዩ ግን ከፍ ይላል።

የመስማት ምርመራው ጠባብ ጸጥተኛ ክፍል ውስጥ ነው። ማዳመጫ ይደረግላችኋል፤ ቀጭን ድምፅ በሰማችሁ ቁጥር ቁልፍ ትጫናላችሁ። በ500፣ 1000 እና 2000 ኸርዝ ላይ አማካዩ ከ25 ዴሲቤል ማለፍ የለበትም። ከድምፁ ይልቅ የሚያስቸግረው የራስ ልብ ምት ነው። በዚያ ሳምንት ሠርግ ቤት ድምፅ ማጉያ ሥር አትቁሙ።

ከዚያ ሁላችንም በውስጥ ሱሪ ብቻ ተሰልፈን መገጣጠሚያዎቻችን ታዩ፤ እጅ ማዞር፣ በአንድ እግር መቆም፣ በተረከዝ መሄድ፣ በመጨረሻም የዳክዬ እርምጃ የሚሉት፣ ቁጢጥ ብሎ መራመድ። ጂም ያሳደገው ትከሻ ሁሉ እዚህ ላይ ይንገዳገዳል። ቁጢጥ ብሎ ላደገ የአገሬ ልጅ ግን ጨዋታ ነው።

ለብቻ ወደ ሐኪሙ ስገባ የሆነውን ደግሞ ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም ነበር። አፍህን ክፈት አለኝ፤ በመብራት አየ። ቆም አለ። እንደገና አየ። «እንጥልህ የት ሄደ?» ሕፃን ሳለሁ ተቆርጦ ነው። ቤተሰቤ እንጥል ያብጥና ሕፃን ያፍናል ብሎ ያምን ነበር፤ የአካባቢው አዋቂም ቆረጠው። ሐኪሙ በሥራ ዘመኑ ጥቂት ጊዜ ብቻ እንዳየ ነገረኝ። ስተኛ አንኮራፋ እንደሆነ፣ ስጠጣ ውኃ በአፍንጫዬ ይመለስ እንደሆነ ጠየቀ፤ አይደለም አልኩ፤ ቅጹ ላይ ጻፈውና ወደ ጆሮዬ አለፈ። ቀላል ነገር ነው፤ መልስ ላጣ ሰው ግን ከባድ ይሆናል። ሆድ ላይ የመተኮስ ጠባሳ፣ ቅንድብ ላይ የብጥ ምልክት ያለባችሁም እንዲሁ ትጠየቃላችሁ። ጠባሳን ሁሉ ይመዘግባሉ። ወላጆቻችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ መቼ፣ ለምን፣ በማን እንደተደረገ በሁለት አጭር የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮች መመለስ እንድትችሉ ተዘጋጁ። ማፈርም መሳቅም አያስፈልግም።

ዐይን ላይ ብዙ አልቆይም። የመነጽር ቁጥሩ ከ8 ዳዮፕተር፣ አስቲግማቲዝሙ ከ3 ካላለፈ፣ በመነጽርም ዕይታው ከተስተካከለ መነጽር ማድረግ ብቻውን አያስቀርም። የሌዘር ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ቢያንስ 180 ቀን መጠበቅና ከቀዶ ሕክምናው በፊት የነበረውን ቁጥር የሚያሳይ ሰነድ ማቅረብ አለበት። ኬራቶኮነስ የተባለው የዐይን ብሌን መሾል ግን ያስቀራል፤ ለሌዘሩ ብዙ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት መኖር አለመኖሩን አስመርምሩ።

በድብርት ወይም በጭንቀት የታከማችሁ፣ ቅጹን ፈርታችሁ ሕክምና አታቋርጡ። ጥያቄው ይነሣል፣ ሰነድም ይጠየቃል፣ የመጠበቂያ ጊዜም ሊኖር ይችላል፤ ሆኖም ታክሞ የዳነ ሰው ከሚደብቀው ሰው ይልቅ የሚያሳየው ነገር አለው።

«ብቁ አይደለም» የሚለው ውጤት ሲመጣ ብዙዎች እዚያው ያቆማሉ። አታቁሙ። ውጤቱ ጊዜያዊ ከሆነ የምትመለሱበት ቀን አለ። ቋሚ የሚለው እንኳ ልዩ ፈቃድ፣ ማለትም ዌቨር፣ ሊጠየቅበት ይችላል። ይህን የሚወስነው የሜፕሱ ሐኪም አይደለም፤ እሱ መስፈርቱን ከእናንተ አካል ጋር አስተያይቶ ይጽፋል እንጂ። ወሳኙ የምትገቡበት ክፍል የሕክምና ባለሥልጣን ነው፤ ምድር ጦር የከለከለውን ባሕር ኃይል ሊፈቅድ፣ ያም ሲገለበጥ ሊሆን ይችላል። ለምን እንደተከለከላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልማዩ «አልተሳካም» ብሎ ስልኩን ከዘጋባችሁ ሌላ የምልመላ ጽሕፈት ቤት አለ።

የእኔ ልዩ ፈቃድ ጥያቄ የመጣው ካልጠበቅሁት ቦታ ነበር። በልጅነቴ ከዛፍ ወድቄ የተሰበረው ክንዴ ነው። የሠራልኝ ወጌሻ ነበር፤ በቀርከሃ ስንጥርና በጨርቅ አስሮ፣ በቅቤ እያሸ። ወጌሻ ደግሞ ካርድ ክፍል የለውም። እኅቴ በኋላ ያየኝን ጤና ጣቢያ ሄዳ ስትጠይቅ የድሮ ካርዶች ተወግደዋል ተባለች። በዚህ ጊዜ የሌለ ወረቀት መፈለግ ትርፉ ድካም ነው። እዚህ የአጥንት ሐኪም ዘንድ ሄጄ አዲስ ራጅ ተነሣሁ፤ ክርኔና አንጓዬ ስንት ዲግሪ እንደሚታጠፉ በመለኪያ ለክቶ ጻፈልኝ። ሐኪሞች ለመርዳት ሲሉ «በጥሩ ጤንነት ላይ ይገኛል» ብለው ይጽፋሉ፤ ለወሳኙ ሰው ይህ ባዶ ነው። «ያለ ሕመም፣ ያለ ገደብ ሸክም መሸከም፣ መሮጥና በክንዱ መግፋት ይችላል» የሚል ደብዳቤ አስጽፉ። ከአገር ቤት የመጣ ሰነድ ካላችሁ የተረጋገጠ ትርጉም ይኑረው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ቀን ካለበትም ተርጓሚው ወደ ፈረንጆቹ እንዲለውጠው አድርጉ። አለዚያ ከተወለዳችሁ በፊት ታክማችኋል የሚል ወረቀት ይዛችሁ ትቆማላችሁ።

ልዩ ፈቃዱ እስኪመጣ ያለው ጊዜ አይባክን። ኤስኤፍ 86 የተባለውን የደኅንነት ማጣሪያ ቅጽ መሙላት የሚቻለው ያኔ ነው። ውጭ አገር ያሉ ወላጆች፣ እኅት ወንድሞች፣ የጉዞ ቀኖች፣ የኖራችሁበት አድራሻ ሁሉ ይጠየቃል። የአባታችሁ ስም በፓስፖርቱ፣ በዲግሪውና በግሪን ካርዱ ላይ በሦስት ዓይነት ፊደል ከተጻፈ ሁሉንም አስመዝግቡ። እናቴ ይህን ቅጽ ስሞላ አይታ ነው ነገሩ እውነት መሆኑን ያመነችው። ወንድሟ በደርግ ዘመን በአፈሳ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ አልተመለሰም፤ «በገዛ ፈቃዱ የሚሄድ ልጅ ወለድኩ» አለችና አንድ ሳምንት አኮረፈችኝ። ከቤተሰብ ጋር የሚደረገውን ይህን ንግግር ወደ መጨረሻ አታቆዩት።

የአካል ብቃት ፈተናው እኔ ስገባ ስድስት ዓይነት ነበር። ከሰኔ 2025 ጀምሮ አምስት ሆኗል፦ ዴድሊፍት የሚሉት ከባድ ብረት ከመሬት ማንሣት፣ እጅ ከመሬት የሚነሣበት ፑሽአፕ፣ መሮጥ፣ መጎተትና መሸከም የተቀላቀለበት የ50 ሜትር ምልልስ፣ ፕላንክ የሚሉት በክርን ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት፣ ሁለት ማይል ሩጫ። በእያንዳንዱ ቢያንስ 60 ነጥብ ያስፈልጋል። የእኛ ልጆች ሩጫ ይወዳሉ፤ ስለዚህ ሩጫ ብቻ ይለማመዳሉ። ብረቱ ላይ ግን ክብደቱ አይነሣም። እኔ ከምርመራው በፊት ጀምሬ የሩጫ ቀኖቼን ቀንሼ ለጀርባና ለጭን ሰጠኋቸው፤ ለሁለት ማይሉ ስላይጎ ክሪክ ዳር ያለው መንገድ በቂ ነበር።

ከሩጫውም ከብረቱም ይልቅ ሰው የሚያስነክሰው ከነሸክም የሚደረገው ጉዞ ነው። በዚህ ላይ የመከሩኝ የሐረር ጦር አካዳሚ ምሩቅ የሆኑ ጎረቤታችን ሻለቃ ናቸው። ጡንቻዬን ዐይተው «ይህ ለፎቶ ነው ልጄ፤ እግርህን አሳየኝ» አሉኝና ካልሲ አስወለቁኝ። ጥፍሬን ቀጥ አድርጌ እንድቆርጥ፣ ሁለት ዓይነት ካልሲ እንድሞክር፣ ጫማውን እዚሁ ረግጬ እንዳለዝበው፣ እግሬ ውኃ ሲቋጥር ቆዳውን እንዳልልጠው ነገሩኝ። ሻለቃ፣ እርስዎ ያሉኝ ሁሉ ልክ ሆኖ ተገኝቷል። በቀላል ሸክም ጀምሬ በየጊዜው እየጨመርኩ እስከ 35 ፓውንድ ገደማ ደረስኩ። በሳምንት ከአንድ ጊዜ በላይ አላደረግሁትም፤ ከነሸክም መሮጥ ደግሞ ጉልበት ያበላሻልና ተዉት።

የጆርጂያ ሙቀት ሌላ ነገር ነው። ደጋ የተወለደ ሰው ያደገበትን ከፍታ ያምናል፣ ሳንባውን ያምናል፤ እርጥበት ያለው ሙቀት ግን ላብን አያደርቅም። እዚያ በየሜዳው በረዶ የተቀላቀለበት ውኃ የያዙ ገንዳዎች አሉ፤ እጃችሁን እስከ ክርን ነክራችሁ ትቆማላችሁ፣ ሰውነት በዚያ ይቀዘቅዛል። አስቀድማችሁ በቀትር ትንሽ ትንሽ መለማመድ ይረዳል። ጨው ያለበት ምግብ ብሉ፤ ውኃ ብቻ ያለ ምግብ መጠጣትም አደጋ አለው።

ካርታና ኮምፓስ ብዙ እጩ የሚጥል ትምህርት ነው፤ ቀንም ሌሊትም ብቻችሁን ጫካ ውስጥ ምልክት ትፈልጋላችሁ። ጂፒኤስ የለም። አስቀድሞ ቤት ሆኖ የሚሠራው ሥራ የራስን እርምጃ መቁጠር ነው፤ 100 ሜትር ለክታችሁ ግራ እግራችሁ ስንት ጊዜ እንደሚያርፍ እወቁ። ዳገት ላይና ቁጥቋጦ ውስጥ ቁጥሩ ይለወጣል። እኔ ግሪንቤልት ፓርክ ውስጥ ተለማመድኩ፤ በዋሽንግተን አካባቢ ያሉት የኦሪየንቲሪንግ፣ ማለትም በካርታና በኮምፓስ የሚወዳደሩ ሰዎች፣ ክለቦችም ለጀማሪ በራቸው ክፍት ነው።

ስለ ድምፅም ልናገር። እኛ በታላቅ ፊት ዐይናችንን ዝቅ፣ ድምፃችንን ለስለስ አድርገን አድገናል። እዚያ ይህ ትሕትና ሳይሆን የእርግጠኝነት ማጣት ተደርጎ ይቆጠራል፤ አብረዋችሁ የሚሠለጥኑት ጓዶችም ነጥብ ይሰጣሉ። የውጊያ ትእዛዝ አምስት ክፍል አለው፦ ሁኔታ፣ ተልእኮ፣ አፈጻጸም፣ ስንቅና ትጥቅ፣ አመራርና መገናኛ። እኔ ይህን ቅርጽ ይዤ፣ ስለ እሑድ ገበያችንም ቢሆን፣ መኪና ውስጥ ጮክ ብዬ በእንግሊዝኛ ትእዛዝ እሰጥ ነበር። የአነጋገር ቅላጼያችሁን ለመደበቅ አትድከሙ፤ ዓረፍተ ነገሩን አሳጥሩት፣ ቁጥሩን አጉልታችሁ ተናገሩ፣ ሰው ይከተላችኋል።

ጾም የምትጾሙ ከመሄዳችሁ በፊት የንስሐ አባታችሁን አማክሩ። ከታሸገው የሜዳ ምግብ ውስጥ ሥጋ የሌላቸው አሉ፤ ወተትና ቅቤ ግን አይቀራቸውም፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ መዋልም በዚያ ሙቀት አይሞከርም። የእኔ አባት ምንም አላከበዱብኝም።

የመሄጃው ዕለት ሜፕስ እንደገና ያያችኋል፤ ቁመት፣ ክብደት፣ ካለፈው ምርመራ ወዲህ የተለወጠ ነገር። አዲስ መድኃኒት፣ አዲስ ጉዳት፣ አዲስ የሐኪም ቀጠሮ ካለ ለመልማዩ አስቀድማችሁ ንገሩ። ከእኔ በኋላ ሊሄድ የነበረ አንድ ጓደኛ ሁሉ ነገር አልቆለት፣ በሐምሌ መጀመሪያ በየዓመቱ በሚደረገው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌስቲቫል ላይ ለቡድኑ አንድ ጨዋታ ብቻ ልጫወት ብሎ ቁርጭምጭሚቱ ዞረበት። ራጅ፣ የሐኪም ደብዳቤ፣ እንደገና ፎርት ሚድ፤ የሥልጠናው ዙር ግን አልጠበቀውም፣ የሚቀጥለውን ጠብቆ ሄደ።